ጥቁሩ ገመድ

ሠላሳ ስምንት ከዜሮ በታች፤ ዊኒፔግ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ትንፋሼ ከአፌ ሳይርቅ ቅንድቤ ላይ ጨው ሆነብኝ።
መኪኖች በየግቢው ቆመው፣ እንደ ታሰረ ፈረስ፣
ገመድ ከአፍንጫቸው ወጥቶ ከግድግዳው ድረስ፣
ኤሌክትሪክ ይጠባሉ፣ ዘይታቸው እንዳይረጋ፤
ያልተሰካ ግን ወዮለት፣ ሞቶ ይገኛል ሲነጋ።

እኔ ሙታን ቀስቃሽ ነኝ፤ በአሮጌ ፒካፕ፣ በሌሊት፣
የደከመ ባትሪ ላስነሣ እዞራለሁ ቤት ለቤት።
ሥራው አሳብ አይጠይቅም፤ አሳብ ግን ሥራ ፈትቶ አያድርም፤
አንዲት ጥያቄ አለችኝ፣ ጠዋት ብጥላት ማታ አትቀርም።

በጥንት ዘመን በእስክንድርያ አንድ መምህር ነበረ አሉ፤
በአደባባይ አወገዙት፣ በጓዳ ያነበቡት ሁሉ።
ከዓለም በፊት፣ ከአፈር በፊት፣ አእምሮዎች ነበሩ አለ፣
ሁሉም እሳት፣ ሁሉም እኩል፣ አንዱን ብርሃን ሲዞሩ።
ከዚያ ሰለቹ። እንጃ ለምን፤ ጥጋብ ይሆናል፤
ፍቅርም እኮ ሲበዛለት፣ የለመደ ሰው ይተኛል።
ዐይናቸውን ነቀል ሲያደርጉ፣ ያን ጊዜ ቀዘቀዙ፤
በቀዘቀዙት መጠን ልክ ስምና ማዕረግ ያዙ።
ጥቂት የበረደው መልአክ፣ ለብ ያለው የሰው ነፍስ ሆነ፤
ጨርሶ የጠጠረው ጋኔን፣ በገዛ በረዶው ተከደነ።
ነፍስ ማለትም በእነሱ ቋንቋ "የቀዘቀዘች" ማለት ነው፤
ይህን ባነበብኩ ሌሊት፣ ሳቄን ብርዱ ነው የቆረጠው።

አንድ እሑድ፣ በምድር ቤቱ፣ ከማሞቂያው ጎን ተቀምጠን፣
ሻይ በወረቀት ኩባያ፣ ዳቦ በሶፍት ይዘን፣
መሪጌታ ልሳነወርቅን ደፍሬ ጠየቅኋቸው፦
"የኔታ፣ የሚለየን የሙቀት መጠን ከሆነ፣
ጋኔንስ አይሞቅም ወይ? ምነው ደጁ ተዳፈነ?"
ኩባያውን አስቀመጡ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ።
"ልጄ፣ በዚህ መንገድ ስንቱ ሊቅ ገብቶ ቀለጠ!
ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤
ታስባለች፣ ትናገራለች፣ አትሞትም፤ በቃ፣ ተዋት።
መላእክት በጨለማ ሲናወጡ፣ አንዱ 'እንቁም' እንዳለ፣
አንተም ባለህበት ቁም።" ተነሡ፣ ሻያቸው በርዶ እንዳለ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ።

ስልኬ ጮኸ። ከሰልከርክ ጎዳና፣ የማውቀው ድምፅ ነው የጠራ፤
"መኪናዬ እምቢ አለችኝ፣ ማኅሌት ደረሰብኝ፣ አደራ!"
መሪጌታ በረዶው ላይ፣ ነጠላ በካፖርት፣ ቦት ጫማ፣
ኪሳቸው ያለው ጸናጽል፣ ሲንቀጠቀጡ እየተሰማ።
ሲያዩኝ ዝም አሉ። እኔም ዝም። ኮፈኑን አነሣሁ፤
ቀዩን ከሙቱ፣ ቀዩን ከሕያው፤ ጥቁሩን በእጄ ያዝሁ።
"ምነው፣ አትሰካውም?" አሉኝ። "ከባትሪው አይደለም፣ የኔታ፤
የመጨረሻው መንጋጋ ሌላ ነው የሚነክሰው ቦታ፤
ቀለም ያልነካው፣ የተላጠ ብረት፣ የሞተሩን ሥጋ፤
መሬት ካላገኘ አይሻገርም፣ ቢጠብቁ እስኪነጋ።"

ተናገርኩና ደነገጥኩ።

ያ የእስክንድርያው ሰው ሥጋን ቅጣት ነው ብሎ ነበር፣
ለቀዘቀዙት የተሰፋ፣ የውድቀት ልብስ፣ የአፈር እስር።
ይኸው ግን ሥጋ ነው መሬቱ፣ ብልጭታው የሚያርፍበት!
ጋኔን ቢናፍቅ እንኳ፣ ጥቁሩን የሚያስነክስበት
አንዲት የተላጠች ብረት የለችው። ጉልበት የለው፣ እንባ የለው፣
ግንባሩን የሚጥልበት ደጃፍ የለው።
ለዚያ ይሆን መመለስ ያቃተው?
ወይስ አንድ ሌሊት፣ ለእርሱም፣ ሥጋውን የሚያውሰው...
እንጃ። እዚህ ላይ ምላሴን ብርድ ያዘው።

"አሁን ይሞክሩት።" ቁልፉን አዞሩ። አንዴ ሳለች፤
ሁለቴ አቃሰተች፤ በሦስተኛው ነፍስ ዘራች።
ከኔዪቱ ምንም አልጎደለ፤ እሳት ሲሰጥ አያንስም፤
መሪጌታ ይህን አዩ። ገባቸው ወይ? አልልም።
ብቻ ጓንታቸውን አውልቀው፣ በዚያ ብርድ፣ በባዶ እጃቸው፣
የፒካፔን ሞቃት ኮፈን ዳሰሱት፣ መስቀል ይመስል ለእሳቸው።
"ያቺ ጥያቄህ..." ብለው ጀመሩ፤ ጸናጽሉ አቋረጣቸው።
"ከቅዳሴ በኋላ። ሻዩ ሳይበርድ።"

ሄዱ። ጥቁሩን ስጠቀልል ጣቴ ብረቱ ላይ ተጣበቀ፤
ሳላቅቀው፣ ቅንጣት ቆዳዬ እዚያው ቀረ።
ስልኩ ደግሞ ጮኸ።