የዕለቱ ዋጋ

ሴኡል፣ ዮንግሳን ገበያ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ከአሳንሰሩ ወጥቶ ወደ ግራ ለሚያይ፣
ማ ዶክ ጉ አለላችሁ፣ ራም ሲሸጥ የኖረ፤
ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዋጋውን ቀየረ።

ቀየረ ማለቴ ጨመረ አይደለም፤
ጭራሹን አጠፋው፣ ቁጥር የሚሉት የለም።
ካርቶን ቀዶ ጻፈ በወፍራም ብዕሩ፣
«የዕለቱ ዋጋ» ብሎ ሰቀለው ከበሩ፤
ልክ ዓሣ ተራ ላይ፣ ባሕሩ ሲከፋ፣
ጀልባው ባዶ ሲገባ፣ ሸርጣኑ ሲጠፋ፣
ነጋዴው ቁጥር ፍቆ ይህንኑ እንደሚጽፈው።
«ራም ደግሞ ይሸታል እንዴ?» አልኩት ልለክፈው።
አልሳቀም። ስልኩን አየ። ከምሳ በኋላ
የጠዋቱ ዋጋ ሌላ፣ የማታውም ሌላ።

እኔ ማራገቢያ እቸረችራለሁ፤
ለሚግል ኮምፒውተር ነፋስ እሸጣለሁ።
ራም ከሌለ ሳጥኑን ማን ይገጣጥማል?
ሳጥን ካልተገጠመ ነፋስ ማንን ይጠቅማል?

ባለፈው አንድ ጎረምሳ፣ በማታ ሥራ ያጠራቀመ፣
ከመደርደሪያው ፊት አንድ ሰዓት ቆመ።
ብሩ ሞላ ሲል ዋጋው ፎቅ ወጥቷል፤
አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው እጁን ብቻ አንሥቷል።

የዶክ ጉ ልጅ ኢቾን ናት፣ ቺፕ የሚሠሩበት፣
ነጭ ቱታ ለብሳ፣ ዓይን ብቻ ቀርቶባት።
ቦራም ነው ስሟም፣ ፍቺው «የልፋት ዋጋ»፤
«ራም አለህ?» ላለው ሰው፣ ሱቁን ሲዘጋ፣
«ከልጄ ስም መጨረሻ ሁለት ፊደል ቀርቶኛል፤
እሱንም ቢሆን» ይላል፣ «ፋብሪካው ወስዶብኛል።»

እሑድ መጥታ ነበር፣ ማንዳሪን ይዛ በፌስታል።
«አባዬ» አለችው፣ «ምርቱማ ሞልቷል፤
ገና አሸዋ ሳለ ለከርሞ ተሽጧል።
ገዢው መጋዘን ነው፣ መስኮት የሌለው ቤት፣
ሰው የማያድርበት፣ መብራት የሚበላበት፤
በሺህ የሚቆጠር ማሽን ተደርድሮ
ለጠየቁት መላሽ፣ ከሰው አፍ ተምሮ።»
ዶክ ጉ ዝም አለ። ማንዳሪን ልጦ አቀበላት፤
የፍሬዋን ነጭ ክር አንድ በአንድ ለቀመላት።
ልጅ እዚያ ትጋግራለች፣ አባት እዚህ ይራባል፤
ዳቦው በጓሮ በር ለሌላ አፍ ይታሰባል።

ማክሰኞ፣ ወይዘሮ ኦክ ቡን የሚሏቸው፣
ጋሪ እየጎተቱ፣ ሳጥን ጭነው ከኋላቸው፣
የሟች ባላቸውን ኮምፒውተር ይዘው ደረሱ፤
«ለመጣያ ከምከፍል» አሉ፣ ላባቸውን እያበሱ፣
«የምትሰጠኝን ስጠኝ።»

ማ ዶክ ጉ ከፈተው፤ አቧራ፣ የሲጋራ አመድ፤
አራት ራም ተሰክቷል፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ዘመድ።
አራቱ ብቻቸውን፣ ያን ዕለት ቢሸጡ፣
ሳጥኑ አዲስ ሳለ ከወጣበት ይበልጡ።
ሴትዮዋ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። እሱም።
ካርቶኑ ተሰቅሏል፤ ቁጥር ግን የለውም።
ስልኩን አየ፣ ከተተ፤ ዓይኑም ወደኔ ዞረ፤
እኔም፣ ለምን ልዋሽ፣ ዓይኔ መሬት ላይ ቀረ።

«ያወጣል» አለና እውነተኛውን ጠራ።
«ልጄ» አሉት ስቀው፣ «ደህና ነህ ወይ? ሥራ
ሲጠፋ እንዲህ ያደርጋል።» ደግሞም አሰቡና፣
«አልሸጥም፤ ግጠመው» አሉት፣ «እንደገና።
ባሌ የባዱክ ጠጠር ሲጥልበት ያድር ነበር፤
ለካ ሀብታም ኖሯል! ይብራ፣ ከኔ ጋር ይደር።»

መልሶ ሰካቸው፣ ብሎኑን አጠበቀ፤
አንዲት ማራገቢያ ተሰብራ፣ እኔን ጠየቀ።
በሳምንቱ ሙሉ ያችን ብቻ ሸጫለሁ፤
ነፋስ አልተወደደም፣ በድሮው ሰጥቻለሁ።

ጋሪው እየተንጫጫ ከፎቁ ወረደ፤
አስታዋሽ ያለው ሳጥን ወደ ቤቱ ሄደ።
ማ ዶክ ጉ ካርቶኑን ገለበጠ፣ ብዕሩን አነሣ፤
ቁጥር ሊጽፍ ጀምሮ…
ስልኩ ጮኸ። ረሳ።