ሦስት ቀለም

አባቴ ዩሎዥ ሉባኪ፣ የባኮንጎ ሽቅርቅር ሰው፣
ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ጫማውን ነው የሚያለብሰው።
ለቀኙ አንድ ከረጢት፣ ለግራው አንድ ከረጢት፤
እናቴ ባልዲ ደቅና ትስቃለች በንዴት።
«ቆርቆሮ ግዛ» ስትለው ስንት ዘመን ሙሉ፣
«ሰው በቆርቆሮ አይከበር» ነው ሁልጊዜ ቃሉ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከተኛሁበት ቀሰቀሰኝ፤
«ተነሺ፣ ኦርቴንስ፣ ካውያ አሙቂ፣ አያቴ ጋ አድርሺኝ።»

አያቱ መቃብር የለው። ያለው አንድ የሲሚንቶ ሐውልት፣
ማዮምቤ ጫካ ጫፍ ላይ፣ ባቡር ሳይቆም የሚያልፍበት።
ሐዲድ ሲያነጥፉ ላለቁ፣ ስም ለሌላቸው ሰዎች፤
«በየአግዳሚው እንጨት ሥር አንድ ሰው» ይላሉ ሽማግሌዎች።

ሰናፍጭ ቀለም ሙሉ ልብስ፣ እጥፋቱ ምላጭ የመሰለ፣
ሸሚዙ ነጭ፣ አንገትጌው በስታርች ደርቆ የዋለ፣
ክራቫቱ ወይን ጠጅ፣ ካልሲው ወይን ጠጅ፣ ጫማው ወይን ጠጅ፣
ከደረት ኪሱ ነጭ መሐረብ፣ ብቅ ያለች እንደ ዓይናፋር ልጅ።
«ሦስት» አለ በመስታወቱ ውስጥ ጣቱን እየቆጠረ፣
«አራተኛ ቀለም የደረበ ሥርዓቱን ሰበረ።»

እኔ አፈርኩ። ለሙት፣ ለጫካ፣ ለማያይ ድንጋይ፣
ይህ ሁሉ ሽቶ ለምን? ማን አለና የሚያይ?

ሱሪው እንዳይጨማደድ ሌሊቱን በባቡር ቆሞ አደረ።

ጠዋት በሞተር ሳይክል፣ ሞተሩ ሲሰምጥ በእግር፣
እሱ በጫማው ጫፍ ሲራመድ፣ ጭቃው ሲያስቸግር፣
ካሳቫ የተሸከሙ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ቆመው፣
«የማን ሰርግ ነው፣ አባባ?» አሉት ሸክማቸውን አጋድመው።
ከዘራውን አዙሮ እጅ ነሣ፣ አንዲት ቃል አልተናገረ፣
እንደ ተጠራ ዘመድ በመሐላቸው ተሻገረ።

ሐውልቱ ፍየል ታስሮበት፣ አንድ ጎኑ ተገምሶ፣
ከእግሩ እስከ አንገቱ ድረስ አረንጓዴ ሽበት ለብሶ።
የቢራ ጠርሙስ ስባሪ፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፣
ያለፈው ምርጫ ፖስተር፣ ፈገግታው በዝናብ የደማ።
ከመሐል የነሐስ ሰሌዳ፣ ግማሽ ፊደሉ ተነቅሎ፣
አሥራ አንድ የመሐንዲስ ስም፣ ከነማዕረጉ ተስሎ፣
ከሥር፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «እና ሠራተኞቹ» ብሎ።

«እና»።
በዚህች ሁለት ፊደል ነው ቅድመ አያቴ የሚኖረው።

ካሜራ ያነገተ ወጣት ከየት እንደመጣ እንጃ፣
«ልብስህና ፍርስራሹ እንዴት ይዋደዳል! ተደገፍ እንጂ!» አለው፤
አባቴ ልብስ እንደሚሰፋለት ከራስ እስከ እግሩ ለካው።
«ይህ ግድግዳ አይደለም፣ ልጄ። ዘመድ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣
ያችን ዓይናፋር መሐረብ ከኪሷ ጎትቶ ነቅሎ።
በምራቁ አርሶ ያሻል ያችን አንዲት ቃል፣
አሥራ አንዱን ስም ዘሎ እሷን ብቻ ያጥባል።
ነጩ ጨርቅ አረንጓዴ ሆነ። አራተኛ ቀለም ተጨመረ።
እሱም አየ፤ እኔም አየሁ። ሥርዓቱ ተሰበረ።

«አያቴን በገመድ ሲነዱት ልብስ የለውም፣ ቁጥር ነበር።
ሲወድቅም ያየው የለም፣ ለብሶ የቀበረው በክብር።
አሁን ግን መጥቻለሁ» አለ።
ለማን እንዳለው እንጃ። ፍየሏ ቀና ብላ አየችው።
እኔም የቀሚሴን አንገትጌ፣ ሳላስበው፣ አቃናሁ።

ማዮምቤ ላይ ዝናብ ደጅ አይጠናም፤ ዘሎ ነው የሚገባ።
ጫማውን አወለቀ፣ ከኮቱ ሥር እንደ ጫጩት አቀፈ፣
በባዶ እግሩ፣ በሐዲዱ መሐል፣ ከእንጨት እንጨት አለፈ።
ከኋላው ከዘራውን ይዤ ቆጠርኩ፦ አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው፣
መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እሱም አልጠየቀኝ።

ማክሰኞ ቤት ስንገባ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል።
እናቴ መሐረቡን በብርሃን ዘርግታ፣
«ይህ እንኳ አይለቅም» አለች።
«አይልቀቅ» አላት፣ ለጫማው ከረጢት እየፈለገ።