የኦሪት ቆጠራ

ሐሙስ ነው። ከቤርሳቤህ ገበያ የተነሳ አቧራ
መንገዱን ተሻግሮ የሆስፒታሉን መስኮት ያንኳኳል፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ፣
አሥራ አንድ ቁጥር በር ላይ ስማችን ይጠራል።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ደመወዜ በሰዓት።
ቃል አሻግራለሁ ከሐኪሟ ወደ እናት፣
ከእናት ወደ ሐኪሟ፤
አንዳንዱ ቃል ይደርሳል፣ አንዳንዱ ይቀራል ከነሕመሙ።

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣
ቦርሳዋን እንደ ሕጻን ጭኗ ላይ አቅፋ።
ኦሪት፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ተሽከርካሪውን ወንበር ትዘውራለች፣
ጥጥ የተለጠፈበት ክንዷን ወደ ደረቷ አጥፋ።

«ሲዲ ፎር፣ ስድስት መቶ አርባ» ትላለች ዶክተር ኒራ፤
«በፋሲካ ሰሞን አምስት መቶ ሁለት ነበር።»
«ዘቦቿ በርክተዋል» እላለሁ እኔ በተራ።
ሐኪሟ ሕዋስ ነበር ያለችው። ዘብ ያልኩት እኔ ነኝ፤
ሕዋስን ማን አይቶት? ዘብን ግን ትርንጎ
ከመናኸሪያው በር፣ ከሱቁ በር፣ ቀን በቀን ታገኘዋለች፣
ቦርሳዋን ከፍታ ታሳየዋለች።
የወንድሟ ልጅም ዘብ ነው፣ በዲሞና መንገድ፣ ከአንድ ፋብሪካ ደጅ።

«ያ ነገር» እንለዋለን። ስሙ በልጅቷ ፊት አይነሳም፤
ትርንጎ አስምላናለች፣ እኔንም ሐኪሟንም።
ያ ነገር ዘቡን ፊት ለፊት አይወጋም፤
ልብሱን ለብሶ ይገባል፣ ቤቱ ውስጥ ይራባል።
ስምንቶቹ ደግሞ፣ ሲዲ ኤይት የሚሏቸው፣
የተያዘውን ወንድም በደጁ ምልክት ያውቁታል፤
አዝነው ይሁን ሳያዝኑ፣ ከነቤቱ ያቃጥሉታል።

ይህን ሁሉ አሻገርኩ። ላቤን በመሐረብ ጠረግሁ።
ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችውን እጢ፣
ዘብ የሚማርባትን፣ ከልጅነት ጋር የምትከስመውን
ትምህርት ቤት፣ «የኦሪት ገና አልተዘጋችም» አልኩ።
ትርንጎ ደረቷን ዳበሰች። የራሷን።

ከዚያ ዶክተር ኒራ ብዕሯን አስቀመጠች።
«የሕጻን ዘብ ለምን ይዘገያል?» ብላ ራሷ መለሰች፦
ማሕፀን ውስጥ ሳሉ አንድ ትምህርት ይማራሉ፣
«ከእናት የመጣ ወዳጅ ነው፣ አትንኩት» ይባላሉ።
ያ ነገርም በእናት ደም መጣ፤
በሩን ሲያንኳኳ የእናት ሽታ ነበረው፤
ማን ይከልክለው?

ምላሴ ቆመ።
ሠላሳ ዓመት ድልድይ ነበርኩ፤ ዛሬ አንድ ጣውላዬ ጎደለ።
ትርንጎ አየችኝ። «ምን አለች?»
ሐኪሟ አየችኝ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማኛል።
በስንት ቃል ይነገራል ለእናት
እንዲህ ያለ ነገር፣ በሩን የከፈተው ያንቺ ሽታ ነው ተብሎ?

ወንበሩ መሽከርከር አቆመ።
ኦሪት፣ በዕብራይስጥ የምታልም፣ በአማርኛ የምትቆጣ፣
ሁሉን የሰማች፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ ማን ያውቃል፣
ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቷ ዞራ
በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ
«ዘቦቼ ያውቁሻል አለች» አለቻት። «ገና ሳልወለድ።»

ትርንጎ ፈገግ አለች። ቦርሳዋን ከፈተች፣
ብርቱካን አወጣች፣ ልጣጩን በጥፍሯ ጀመረች።

አሳንሰሩ ጋ ስንደርስ ኦሪት እጄን ሳብ አድርጋ
ስሙን ነገረችኝ፣ ሦስቱንም ፊደል፣ በጆሮዬ፦
«ኤች አይ ቪ። አውቃለሁ። አትንገራት፣ ጋሼ፤
ማወቄን ካወቀች ታለቅሳለች።»

ማታ የሥራ ቅጼን ሞላሁ፦
ትርጉም፣ ሃምሳ ደቂቃ።
ከዚያ ውስጥ አንዷን ዓረፍተ ነገር
ያሻገረችውን ልጅ ግን
በየትኛው ዓምድ ልጻፋት?