የሰመጠው ቤት ተከራይ

ቤልትራን የተወለደባት ከተማ ከውሃ ሥር ናት፤
ግድቡ ሲዘጋ ኤብሮ ተነሥቶ ደጅ ደጇን ላሳት፣
ደረጃ በደረጃ ወጣ፣ ጓዳ ገባ፣ ዋጣት።
ሽማግሌው አሁን ጀልባውን ከላይዋ ያቆማል፣
«እዚህ ጋ ምድጃው፣ እዚያ የእናቴ አልጋ» ሲል ይጠቁማል፤
ከዚያ ተከራዩን ያማል።

ተከራዩ አምባዛ ነው፤
ከሰው ቁመት የረዘመ፣ ቅርፊት አልባ፣ ጢሙ ጅራፍ፣
ቀን ጭቃ ለብሶ የሚተኛ፣ ሌት የሚነቃ ባለ ሰፊ አፍ።
አንድ እንግዳ፣ ይላሉ፣ ጫጩቱን በባልዲ ይዞ፣
ከዳኑብ መጣ በመኪና፣ አገር ላገር ተጉዞ፤
ለጨዋታ ብሎ ለቀቀው።
ያገሩን ዓሣ በላ፣ ዳክዬ በላ፣ መረብ ጣዩን አስለቀቀው።
ሕግም ወጣ፦ የተያዘ እንደሆን፣ በሕይወት አይመለስ።

ዛምፊራ ኮክ ለቃሚ ናት፣ ከዳኑብ አፍ፣ ከሸምበቆው አገር፤
ማታ ማታ ትቀዝፍለታለች፣ ያረጀ ትከሻው ሲቸገር።
ሲረግም ትሰማዋለች። «ሲሉሮ!» ይላል፣ ምራቁን ይተፋል፣
«መጤ! ሌባ! ከጓዳዬ ገብቶ ያንቀላፋል!»
ዝም ትላለች። በሷ መንደር ስሙ ሶምን ነው፤
አባቷ አንዱን ሲስብ ሦስት ቤት ነበር የሚያጠግበው።
ማንም መጤ አላለውም። ወንዙ ሲፈጠር ነበረ፣
ከሸምበቆው ጋር፣ ከትንኙ ጋር፣ አንድ ላይ የተቆጠረ።
ያችን ቃል ግን ታውቃታለች። ዳቦ ቤት በራፍ፣ ሰልፍ ላይ ሰምታለች፤
ስለ ዓሣ አልነበረም።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ገመዱ ጮኸ። ጀልባዋ ዞረች፣
ፋኖሱ ወደቀ። ዛምፊራ መዳፏ እስኪደማ ጐተተች።
ሲወጣ፣ የጨረቃው ብርሃን ጀርባው ላይ እንደ ዘይት ፈሰሰ፤
ሽማግሌው «ግደይው» አለ፤ ድምፁ ግን አነሰ።

ሆዱ ሲከፈት እርግብ ተገኘች፣ እግሯ ላይ ቀለበት፣
የጎረቤቱ የኡርባኖ ቁጥር የታተመበት።
ቤልትራን ሳቀ፦ «ከውድድር ቀረችብኝ ብሎ
ስንቱን ጭልፊት ወነጀለ፣ ስንት ቀን ዝቶ፣ ስንት ቀን ምሎ!»

እሷ በአባቷ እጅ ከተፈችው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጤ።
ምድጃዋ የጋዝ ናት፣ ትንሽ፤ ከእናቱ ምድጃ ትክክል በላይ፤
መካከሉ አርባ ክንድ ውሃ ነው፣ ከላዩ ያልነጋ ሰማይ።
«ጭቃ ጭቃ ነው የሚለው» ሲል ሠላሳ ዓመት የማለ ሰው
ማንኪያውን አንሥቶ አየው፣ ነፋበት፣ ቀመሰው።

አኘከ። አጥንት አወጣ። ወደ ውሃው ቁልቁል አየ።
ዛምፊራ ቢላዋውን አጥባ፣ አድርቃ ጠበቀችው፤ ብዙ ቆየ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።