ስተሻል ብያት ነበር

ከዴ ሊዮን ማዶ፣ ወንዙ በሚዞርበት፣
መቶ ኤከር ኦቾሎኒ፣ በሰኔ የዘራሁት፣
በአንድ ሌሊት አረሱት፤ ያለ በሬ፣ ያለ ቀንበር፣
በአፍንጫቸው ብቻ፣ ከዳር እስከ ድንበር።
ጠዋት ብወጣ ትልም የሚባል የለም፤
እንዲህ ያለ ገበሬ አላየሁም በዓለም።

ጎረቤቴ ክሌተስ «ጠመንጃ ነው» ይላል፤
«ሄሊኮፕተር ተከራይ፣ ከላይ ይለቀማል።»
እኔ ጩኸት አልወድም።
ጥይት አንዱን ጥሎ ሃያውን ያስተምራል፤
የተማረ አሳማ ማን ይችለዋል?

ቀስቱ ይሻለኛል። ባለ ምላጩ፣ ባለ እርካቡ፤
ትከሻዬ ከተሰበረ ወዲህ በክንድ ቀርቷል መሳቡ።
እግሬን እርካቡ ውስጥ አስገብቼ፣
ጅማቱን በወገቤ ጉልበት ወደ ላይ ጎትቼ፣
ቀጭ ሲል፣ ያ ነው ድምፁ፣ ሌላ ድምፅ የለውም፤
ሲለቀቅም ቢሆን ከሳል አይበልጥም።

ኔልዳ ናት የገዛችው፣ ለጥርሷ ባጠራቀመችው።
ፍላጾቿን ከእኔ ፍላጾች ልትለያቸው፣
አንገታቸው ላይ ሮዝ የጥፍር ቀለም ትቀባቸው።
ሁለት መኸር አለፈው፣ አንድ ማታ ብቻዋን ወጥታ
ጭቃ በጭቃ ሆና ገባች፣ ባዶ እጇን፣ አምሽታ።
«መታሁት» አለች፤ «ትልቁን፣ ጆሮ ቅዱን።»
«ደሙስ?»
«የለም።»
«ፍላጻውስ?»
«ፈልጌ አጣሁት።»
«እንግዲያው ስተሻል» አልኳት፣ ዓይኔን ከጋዜጣው ሳላነሣ።

ክረምቱን ሙሉ አሾፍኩባት፣ በቁርስ፣ በራት፣
ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር፣ ሰው በተሰበሰበበት፦
«የኔልዳ አሳማ እንዴት ነው? ዳነ ወይ?»
ትስቅ ነበር። ኋላ መሳቁን ተወች።
በመጋቢት ታመመች። በግንቦት ቀበርኳት።

ትናንት ማታ ፒካኑ ላይ ወጣሁ፣ ከመሬት አራት ሜትር፣
ነፋሱን በፊቴ፣ ግንዱን በጀርባዬ፣ ለትንኝ ደሜን ስገብር።
ጨረቃዋ ግማሽ ናት። በቆሎ በትኛለሁ።
ገና አላያቸውም፤ ይሸቱኛል፣ እሰማለሁ፦
የመንጋጋ ድምፅ፣ የእናትየዋ ቁጣ፣ የግልገሎች እሪታ፣
ከዚያ ጸጥታ።
እንግዲህ መጣ፣ የሰፈሩ ጌታ።

ትከሻው ከዳሌው የሰፋ፣ አንድ ጆሮው ቅድድ፤
በቆሎውን ትቶ ቆመ፣ አየሩን ሲያሸት፣ ሲፈርድ።
ትንፋሼን ዋጥኩት።
ምላጩን አልሳብኩትም፤ ጨመቅኩት፣
እንደ ሎሚ።
እህ አለ ቀስቱ። እሱም ዞሮ ሄደ፣
የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው።

ግማሽ ሰዓት ቆየሁ፤ ለሚሞት ጊዜ ይሰጡታል፤
ከዚያ ደሙን በባትሪ፣ ቅጠል በቅጠል ይቆጥሩታል።
ጅረቱ ዳር ተጋድሟል፣ የጀርባው ጭቃ ገና አልደረቀም።
ክሌተስን ጠራሁት፤ ብቻዬን ላነሣው አልችልም።
ሆዱን ስንከፍተው ኦቾሎኒዬ ነው፣ ከነገለባ፤
«ይኸውልህ» አለ ክሌተስ፣ «የዘንድሮ ምርትህ ገባ።»
ሳቅን።

ትከሻው ጋ ስንደርስ፣ እንደ ጎማ የደደረው ቆዳ ሥር፣
ቢላዋዬ ብረት ነካ። የእኔ ፍላጻ ግን ዘልቆ ወጥቶ ነበር።
ቆፈርኩ። በስብ ተጠቅልሎ፣ በሥጋ ተሰፍቶ፣
የጣት ቁራጭ የሚያህል ስባሪ፣ ሁለት ዓመት እዚያ ተኝቶ።
ባትሪውን አስጠጋሁ።
አንገቱ ላይ ቀለም አለ። ተላልጧል እንጂ፣ ሮዝ።

ክሌተስ ዝም አለ። እሱም ከሳቁት አንዱ ነበር።
ጅረቱ ውስጥ አጠብኩት፣ ብዙ ጊዜ፣
ከሚያስፈልገው በላይ።

እሑድ ያ ያሾፍኩበት ደረጃ ላይ ቆሜ፣
ለእያንዳንዱ አሳያለሁ፣ ስሟን አስቀድሜ።
«መትታው ነበር» እላለሁ።
«ደም ያልፈሰሰው ስቡ ዘግቶት ነው።»