ቃሉን ተወውና ቀለሙን ንገረኝ

ሻርጃ፣ መስከረም ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው በር፣
ሌሊት ጠብቄ አድሬ ዓይኔ አሸዋ ነበር።
ገና ሳይነጋ ጧት ግንቡን ላብ ያጠምቀዋል፣
መስታወቱ ሁሉ ወደ ውጭ ያለቅሳል።

አንዲት ተማሪ መጣች ወረቀቷን አቅፋ፣
ሰው አጥሯት ለጥናቷ፣ ቀጠሮዋን አልፋ።
«ሸማ ነው ስሜ» አለች። ለካስ እዚህ አገር
ሸማም ጥቁር ይሆናል ከራስ እስከ እግር።
«ሃያ ሁለት ዓመቴ።» «ደግ» አለች፣ «አንተ ነህ
የምፈልገው ዕድሜ። ለመሆኑ ማነህ?»
«ይርጋ።» «ትርጉሙስ?» አለች። ምን ብዬ ላብራራ፣
እንቅልፍ ያጣ ፍጡር ይርጋ እየተጠራ?

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ቃላት ተደርድረዋል፣
«ቀይ» የሚለው ፊደል በሰማያዊ ተጽፏል፣
«ቢጫ» የሚለው ደግሞ አረንጓዴ ለብሷል።
«ቃሉን ተወውና ቀለሙን ንገረኝ!»
ዓይኔ እያየ አፌ ግን አልታዘዝም አለኝ።
አማርኛው ስለሌላት እኔው በእጄ ጻፍኩት፣
በአራት እስክርቢቶ ቃልን ከመልኩ አጣላሁት፤
እንግዲህ ወጥመዴን ራሴው ሠርቼ
ራሴው ወደቅሁበት አፌን ከፍቼ።

የመጀመሪያው ዕለት
አሥር ደቂቃ ሙሉ መጽሔት ስገልጥ ቆየሁ፤
ከዚያ ቀይ ስል ቢጫ፣ ቢጫ ስል ቀይ አየሁ።
አሥራ አንዴ ተሳሳትኩ።
ሸማ ምንም አላለች፣ ጻፈች ብቻ።

በሁለተኛው ዕለት
ደረጃ አስወጣችኝ፤ አራት ፎቅ ሽቅብ ቁልቁል፣
ጨው በሸሚዜ ጀርባ ካርታ እስኪሥል።
አሥር ደቂቃ ነው። ልቤ በር ሲደበድብ
ውስጤ አንድ መስኮት ተከፈተ፣ ነፋስ ገባ በገደብ፤
«ቀይ» የሚለውን አይቼ
ሰማያዊ አልኩት፣ ምላሴ ሳይተናነቀኝ።

«ዛሬ ተቀመጥ» አለች፣ «እስትንፋስህን ቁጠር።»
እስትንፋስ ይቆጠራል? እኔ የምቆጥረው
ድርሃም ነው፤ የሚገባ መኪና ነው፤ የቀረኝ ወር ነው።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የአልጋዬ ኪራይ መጣ።
እንደገና ካንድ፤ ሱፐርቫይዘሬ መጣ፣
ካርኔውን ከፍቶ፣ ቅጣት ሊጽፍብኝ።
እንደገና ካንድ።
መቼም በር ጠባቂ ነኝ፤
«ግባ» ሳልል፣ «ተመለስ» ሳልል
የመጣውን አየሁት፣ ሰሌዳውን አየሁት፣ አለፈ።
ስድስት ደረስኩ።
ስድስት! ለሰው ቢያወሩት ያስቃል።

በመጨረሻ ስትነግረኝ ወረቀቷን አጣጥፋ፣
«ልዩነቱ ጥቂት ሰከንድ ናት» አለች፣ ድምፅዋ ሳይሰፋ፤
«ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ቶሎም ይበናል።»
ትንሽ ናት ማለቷ ነው። እኔ ትንሽን አልንቅም፤
ቁልፍ ከበሩ አንሶ እንጂ በልጦት አያውቅም።

ያን ማታ መርሳ ደወልኩ፣ ለእህቴ ለስንዱ።
«እንዴት ናችሁ?»
«ደኅና ነን። ሁሉ ሰላም ነው።»
ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቃሉን ታቅፌ እተኛለሁ፣
«ደኅና ናቸው» እያልኩ ለጓደኞቼ አወራለሁ።
ዛሬ ግን ከመደወሌ በፊት የካምፑን ደረጃ
ወጥቼ ወርጄ ነበር፤ ጣራው ላይም ጥቂት ቁጭ ብዬ፣
ከውኃ ጋኑ ጎን፣ አየር ማቀዝቀዣው እያጓራ።
ቃሉን ተውኩትና ቀለሙን አየሁት።
አመድ ነበር።

«ስንዱ፣ ምን ሆነሻል?»
ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ቃል ስላልለበሰ
ቀለሙ ፈጥኖ ታየኝ።
ትምህርት ካቆመች ሁለት ወሯ ነበር፤
የምልከው ገንዘብ ያባዬን እግር ለማስታመም ይውላል፤
«እንዳይከፋህ ብለን ነው»።

ጥቂት ቆይታ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ፣
«አንተስ?» አለችኝ፣ «ደኅና ነህ ወይ ይርጋ?»
«ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር፣
ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ።
አላስወጣሁትም።
ካንድ ጀመርኩ።
ስንዱ ስልኩን አልዘጋችም።
ስድስት ላይ ስደርስ
ቀለሙን ነገርኳት።