ሁለተኛው ምት

ከችሎቱ አጥር ሥር ጥላዬን ዘርግቼ፣
የጽሕፈት መኪናዬን ወረቀት አብልቼ፣
(ጎረቤቶቼ ባለ ላፕቶፕ ናቸው፤ እኔ እሷን አልፈታኋትም፣
መብራት ሲጠፋ አብራ አትጠፋም)
ቁጭ እንዳልኩ መጣች፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ፣
ስንቅነሽ፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ዓይኗን እንቅልፍ ክዶ።
«ጻፍልኝ» አለችኝ፣ «ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣
ሽንኩርት እንደሚመዘን፣ አንዲት ፍሬ ሳይፈስ።»

«ማክሰኞ ምሽት ነው። መብራት ሄዷል ከሠፈር።
ጆንያዬን ቋጥሬ ሸራዬን ሳጥፍ ነበር።
ከኋላ መጣና አንገቴን አነቀ፣
የጩቤው ጫፍ ብርዱ ሹራቤን ዘለቀ።
ብር ይሁን ነፍስ ይሁን የፈለገው፣ አላወቅሁ፣
መሬት መሬቱን ስዳብስ የኪሎውን ብረት ጨበጥሁ።
በትከሻዬ አሻግሬ ግንባሩን አልኩት።
ጩቤው ዲች ውስጥ ገባ።
እሱ እግሬ ሥር ወደቀ፣ ባዶ እንደሆነ ከረጢት።»

(«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል የታክሲው ረዳት።)
«ከዚያስ?» አልኳት።
ጩቤው የቀደዳትን የሹራብ ክር መዘዘች።
«ከዚያማ... ደገምኩት» አለች።

ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ አጥር ሥር በኖርኩት ሠላሳ ዓመት፣
ከጠበቆች ካባ የረገፈ ለቅሜ ነው ሕግ ያወቅኋት።
አንቀጽ ሰባ ስምንትን ግን እንደ ስሜ አውቃታለሁ፣
ለስንቱ አልቃሽ ተርጉሜ ጽፌያታለሁ።
አንዱ ይመጣል፣ «ደጄን ከረገጠ ደመ ከልብ ነው» ይላል፣
ሌላው ጥፊ መክቶ እንኳ በሕልሙ ካቴና ያያል።
ሁለቱም አያውቋትም፤ እሷ መሐላቸው ናት ያለች፣
እንደ ሠራተኛ ሠፈር ቅያስ፣ ጠባብ ናት፣ ግን ታሳልፋለች።

«ስሚ» አልኳት፣ «ሕጉ 'እንደ በግ ታረጂ' አይልሽም፣
ማምለጫ ካጣሽ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ቆመሽ አትሞቺም።
ግን ጥቃቱ አሁን ይሁን፣ ከጎንሽ የደረሰ፣
የዓምና ቂም አይደለም፣ በሆድ የደፈረሰ።
ክንድሽም በልክ ይሁን፤ ለጥፊ ጥይት የለም፣
ቲማቲም ለነጠቀ ሕይወት አይነጠቅም።
ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፣ መዛኚ፦
የመጣብሽን ባንዱ ሳህን፣ የመለስሽውን ባንዱ ጫኚ።
የፊተኛው ምት ያንቺ ነው፤ ቀና ብለሽ ተናገሪው።
የኋለኛውን ግን...
ጩቤው ዲች ከገባ ወዲያ፣ ማንን ነበር የፈራሽው?»

ደላላው ገረሱ ጆሮዬ ሥር መጣ፣
«ጋሼ፣ 'አንዴ' ብለህ ጻፋት፤ ምን ምስክር፣ ምን ጣጣ?
ጨለማ ነበር፣ ማን አየ? ወይ 'ደንግጣ ነው' በል፣
ሕጉ ለደነገጠ ሰው አንጀቱ ይላላል።»
ውሸት አላለም። ከልኩ ያለፈውን እጅ ድንጋጤ ከገፋው፣
ዳኛው ቅጣት ያቀልለታል፤ ጊዜም አለ የሚተወው።

«ደንግጠሽ ነበር?» አልኳት። እጇን አየች ገልብጣ።
«ከፊተኛው በፊት፣ አዎን፤ ነፍሴ ልትወጣ።
ከዚያ ስልኬን አበራሁ። ፊቱ ላይ መብራት ጣልኩበት።
ተካልኝ! ጆንያ አውራጄ፣ ምሳዬን ያካፈልኩት።
'እትዬ...' አለኝ።
ያኔ ነው የደገምኩት።»

ታክሲው ሞልቶ ተነሣ። ገረሱ ኮፍያውን ደፋ።
እኔም «ሁለት ጊዜ» የሚለውን ቀጠቀጥኩ፣ አንዲት ፊደል ሳትጠፋ።

ስትፈርም እጇ አልተንቀጠቀጠም። ልትሄድ ብላ ተመለሰች፦
«ልጁ ሆስፒታል ነው፤ ዓይኑን ከፍቷል አሉኝ» አለች።
«አንድ ነገር ጨምርልኝ ከግርጌው፣ ቦታ ካለ፦
ኪሎዬ ኤግዚቢት ሆኖ ጣቢያ ቁም ሣጥን ውስጥ ዋለ።
በድንጋይ ነው የምሸጠው፤ ደንበኛ ያጉረመርማል።
ሲጨርሱ ይመልሱልኝ፤
ያለሱ እጄ ልክ ይስታል።»